ድንጋዩ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ዛጎሎች

እህቴ፣ «ፉጄራ (ዓረብ ኤምሬቶች) ባሕር ዳር ድንጋዩ ላይ ኮፍያ የሚመስሉ ትንንሽ ዛጎሎች ተለጥፈዋል፤ ልጆቹ ለጌጥ በቢላ ሊያነሷቸው ፈልገዋል፤ ችግር አለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ አለው። እባክሽ አታስነሺያቸው፤ በሕይወት ያሉ እንስሳት ናቸው።

ስማቸው ሊምፔት ነው። የቀንድ አውጣ ዘመዶች ናቸው፤ ዛጎላቸው ግን አልተጠማዘዘም። የመሶብ ክዳን አስቢ፤ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች ያሉት። ከሥሩ አንድ ሰፊ እግር አለ፣ እንደ መዥገር ጥብቅ የሚያደርጋቸው እሱ ነው።

እዚህ ጠረፍ ስኖር 6 ዓመቴ ነው። በእረፍት ቀኔ ማልጄ ወርጄ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የሞቱ ነበር የመሰሉኝ፤ ፀሐይ ላይ ንቅንቅ አይሉማ። አንድ ቀን የጥፍር ቀለም ይዤ ሄድኩ። አንዷ ጀርባ ላይ ቀይ ነጥብ፣ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ሌላ ነጥብ፣ ሁለቱን አፍ ለአፍ አድርጌ ቀባሁ። የሸሸው ውኃ ተመልሶ ድንጋዩን ሲያረጥበው ተነሳች። ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን ስስ አረንጓዴ ሽፋን፣ አልጌውን፣ እየፋቀች ግማሽ ስንዝር ያህል ሄደች። በማግስቱ ስመጣ ሁለቱ ነጥቦች ገጥመዋል! ቤቷ ተመልሳ፣ ያውም ፊቷን በዚያው አቅጣጫ አድርጋ።

የዛጎሏ ጠርዝ ከዚያች ቦታ ጎርበጥባጣ ጋር እየተስማማ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ክድን ስትል ውስጥ ያስቀረችው ውኃ አይደርቅባትም። የእኛን አገር የቀትር ሙቀት ታውቂው የለ፣ እዚህ ደግሞ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። በቢላ ስትነሳ እግሯ ይቆስላል። ሌላ ቦታ ብትለጥፊያትም ጠርዟ አይገጥምላትም።

ከትንንሾቹ መሃል ሳይፎናሪያ የሚባሉ አሉ፣ ሊምፔት የሚመስሉ ግን ከሌላ ወገን የሆኑ፣ አየር መተንፈስ የሚችሉ። ባዶ ዛጎል ካገኘሽ ገልብጠሽ እዪው፤ በአንድ ጎኑ አየር የሚገባበት ቦይ አለው። ድንጋዩ ላይ ቢጫማ፣ ጄሊ የመሰለ ጥምዝ ክር ካየሽም እንቁላላቸው ሊሆን ስለሚችል አትርገጡት።

እውነተኞቹ ሊምፔቶች ደግሞ ጥርሳቸው ብረት አለበት። በ2015 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የአውሮፓውን ሊምፔት ጥርስ ሲለኩት በጥንካሬ ከሸረሪት ድር በልጦ ተገኘ። ድንጋይ ሲፍቅ የሚውል ጥርስ ነው እኮ!

ለጌጡ አሸዋው ላይ ማዕበል የጣላቸውን ባዶዎች ይልቀሙ፤ ሞልተዋል። ቢላውን ቤት ተዉትና ውኃው መመለስ ሲጀምር ልጆቹን አንዷ አጠገብ አስቀምጫቸው። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጫማ ያድርጉ።