የ1975 የፊሊፒንስ ቅርጫት ኳስ ዋንጫ የማን ነው?

አንዱ ዝርዝር ቶዮታ የተባለውን ቡድን፣ ሌላው ክሪስፓ የተባለውን የ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሻምፒዮን ማለቱ ግራ አጋብቶህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የፊሊፒንስ ፕሮፌሽናል ሊግ በዓመት አንድ ዋንጫ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ውድድሮች ነበሩት። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ቶዮታ ወሰደ፣ ሦስተኛውን ክሪስፓ። ስለዚህ በሰንጠረዥህ ላይ ለ1975 ሦስት ረድፍ ክፈት።

በ1976 ግን ክሪስፓ በአሰልጣኙ ቤቢ ዳሉፓን እየተመራ ሦስቱንም ጠራርጎ ወሰደ። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ክሪስፓ የሚመስላቸው ብዙዎች ይህን ዓመት ከፊተኛው እያምታቱ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ እኔ ራሴ ሁለት ምሽት ያባከንኩበት ነው። ቡድኖቹ የሚጠሩት በከተማ ሳይሆን በባለቤቱ ድርጅት ወይም በሚሸጠው ምርት ስም ነው። ባለቤቱ ሌላ ምርት ማስተዋወቅ ሲያምረው የቡድኑም ስም አብሮ ይቀየራል። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 9 ቀን 1975 ሊጉን ከጀመሩት ዘጠኝ ቡድኖች አንዱ ሮያል ትሩ ኦሬንጅ ይባል ነበር፤ የለስላሳ መጠጥ ስም ነው። እኔ ፈርሷል ብዬ ሰረዝኩት። ለካ ዛሬ ሳን ሚጌል የሚባለው፣ የቢራው፣ ራሱ ነው።