የእርዳታ ስንዴ ገበያ ላይ አየሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ከወለጋ ተፈናቅለው ለመጡ ቤተሰቦች ብርድ ልብስና የልጆች ልብስ ሰብስቦ ሰጥቶ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ፣ ብርድ ልብሱን በእጄ የሰጠኋትን ሴት አየኋት። ሰባት ስምንት ኪሎ የሚሆን የእርዳታ ስንዴና አንድ ጠርሙስ ዘይት ለነጋዴ ትሸጣለች። ስታየኝ አንገቷን ደፋች። እኔም እንዳላየ ሰው አለፍኩ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «ቢርባቸው ይሸጡት ነበር?» አለኝ። አሁን ዕድሩ ለፋሲካ ገንዘብ አዋጥቶ ስንዴ ሊገዛላቸው ነው። ያየሁትን ልናገር ወይስ ዝም ልበል? እውነቱን ልንገርዎት፣ ተቀይሜያለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከጠባሴ

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝልሽ። እኔም ሸጫለሁ።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲመጣ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ጣርማበርን አልፈን ደብረ ብርሃን ገባን። ከቤት ያወጣሁት ነጠላዬንና የበሩን ቁልፍ ነው። ከቀናት በኋላ ስንዴ ተሰጠን። ልብ በይ፣ እኔ ከዚያ በፊት መንዝ ውስጥ የእርዳታ እህል መጋዘን መዝጋቢ ነበርኩ። እህል ተቀብለው በር ላይ ለነጋዴ የሚያስረክቡትን በስም እየጠራሁ እቆጣ ነበር። ምላሴ ሹል ነበር። ያን ቀን ግን ስንዴውን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። የወፍጮ የለኝ፣ ምጣድ የለኝ፣ ጨው የለኝ። ትልቋ ልጄ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ሞዴስ እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። አራት ኪሎ በሻሽ ቋጥሬ ወጣሁ። ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ወሰደው። አልተከራከርኩም። የቸኮልኩት የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነበር።

እስቲ አሁን የዚያችን ሴት ጓዳ አብረን እንየው። በአገራችን የተለመደው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ያውም ሙሉ ሆኖ፣ ቀኑን ጠብቆ ከመጣ። አምስት ነፍስ ካላት 75 ኪሎ ስንዴ ይደርሳታል። ሲሰሙት ብዙ ነው። ለቀን ሲመነዘር ግን ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ነው፤ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም እሱው። ስንዴው የሚመጣው በ50 ኪሎ ማዳበሪያ ስለሆነ ሁለት ቤተሰብ ተጣምሮ ሦስት ማዳበሪያ ይወስዳል። አንዱ መሬት ላይ ሸራ ተነጥፎ በጣሳ ይካፈላል። ያንን ሲካፈሉ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጣሳው እኩል እንዲሆን አፉን በመዳፍ ይጠርጉታል። መጨረሻ ላይ ሸራው እጥፋት ውስጥ የገባችውን ፍሬ ልጆች በጣታቸው እየለቀሙ ያወጧታል። እህል የናቀ ሰው እንዲህ አያደርግም።

እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ግን ጨው የለም። በርበሬ የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ሳሙና የለም። የልጅ ደብተር የለም። የወፍጮ ቤት ሒሳብ የለም። ይኼ ሁሉ ከየት ይመጣል? ከዚያው ከስንዴው።

«ንፍሮ ቀቅላ አትበላም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። በምን ማገዶ? እኛ ደገኞች ኩበት ለምደናል፤ እንደ ነጻ ነገር ነው የምናየው። ኩበት ግን ላም ላለው ነው። የእሷ ላም፣ ኖራት ከነበረ፣ ወለጋ ቀርታለች። ባሕር ዛፉም ባለቤት አለው፤ ቅርንጫፍ ስትለቅም ብትገኝ ጠብ ነው። ደግሞ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ውኃ ቶሎ ይፈላል እንጂ እህል ቶሎ አይበስልም። የስንዴ ንፍሮ ስንት እንጨት እንደሚበላ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለባለቤትሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። እርዳታ አይሰረቅም አልልም። ሰኔ 2015 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቋረጡት እህሉ ለተረጂ ሳይደርስ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው ብለው ነበር። ያኛው በመኪና የሚጫን ነው፤ በሻሽ አይቋጠርም። እርዳታው ለወራት ሲቆም ጦሟን ያደረችው ግን ባለ ሻሿ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። ገበያ ላይ ብርድ ልብሱን ስትሸጥ አየሻት? አላየሽም። በደብረ ብርሃን ውርጭ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ ለይታ አውቃለች ማለት ነው።

ስለዚህ ዕድሩ ላይ ተናገሪ፤ ሴትየዋን ግን አታንሺ። በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ስንዴ ብትጨምሩ እሱንም ከፊሉን ትሸጠዋለች፤ ነጋዴውም እንደኔው ጊዜ በርካሽ ይወስድባታል። የሚያተርፈው እሱ ነው። ይልቅ ወደ ወፍጮ ቤት ሂዱ። እኔ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ የኛ ዕድር እንዲህ አድርጓል፤ ለባለ ወፍጮው ቀድመን ከፈልን፣ ለየቤተሰቡ የዕድሩ ማኅተም ያረፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠን። ባለ ወፍጮው የተፈጨውን ኪሎ በደብተር ይጽፋል፣ በሳምንቱ ደብተሩን ከወረቀቶቹ ጋር እናመሳክራለን። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለቴ ተጨቃጭቀናል፣ አልደብቅሽም። ከገንዘቡ የተረፈውን ደግሞ ለከሰል፣ ለጨውና ለሳሙና አውሉት። ሞዴስም አትርሱ፤ ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ስሙን ለመጥራት ካፈሩ አንቺ ጥሪው። እጅ በእጅ ብር መስጠት ከቻላችሁማ ከሁሉ ይሻላል፣ ገበያው ቅርብ ነውና።

አሮጌ ልብስ ግን ይብቃ። ለእኛ ከመጣ የልብስ ከረጢት ውስጥ ባለ ተረከዝ የሠርግ ጫማ አግኝቻለሁ። ያውም አንድ እግሩን ብቻ።

ሴትየዋን ስታገኚያት ቀድመሽ ሰላም በያት። ስለ ስንዴው ምንም አትበይ። «ልጆቹስ ደህና ናቸው?» በያት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሸዋሮቢት ትንሽ ሱቅ አለኝ። አንዲት ተፈናቃይ እናት ፕላምፕሌት፣ ያንን በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የለውዝ ቅባት፣ አምጥታ ግዛኝ አለችኝ። ርካሽ ነው። የኔም ልጅ ምግብ እምቢ ይላል፣ ለሱ ብገዛው ምን ይለዋል?

ባለ ሱቅ፣ ከሸዋሮቢት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይኼንን አትግዛ። ላይኛዋን እህቴን አትቆጪ ብያት አንተን ስከለክል እንዳይገርምህ። ስንዴ ቀለብ ነው፣ ፕላምፕሌት መድኃኒት ነው። የሚሰጠው ክንዱ በሜትር ተለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ፣ በጣም ለተጎዳ ሕፃን ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ አለው። ስንት ከረጢት እንደሚወስድ በልጁ ኪሎ ተቆጥሮ ነው የተሰጣት። አንተ ሱቅ ሁለት ሲቀር፣ ያ ልጅ የቀን ምግቡ ጎደለ ማለት ነው።

እናትየዋን ግን አታዋርዳት። ሌሎቹ ልጆቿ የሚበሉት ስላጡ ይሆናል። በጓዳ ስሟን ሳታጠፋ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገራት። ዱቄት በዱቤ የምትሰጥበት ደብተር ካለህ እሷንም ጻፋት።

ያንተን ልጅ ጤና ኬላ ውሰደው። ክንዱን ይለኩታል፣ አያስከፍሉህም። ደህና ነው ካሉህ፣ ከሱቅህ ብስኩትና ከረሜላ እያነሳ እንደሆነ እስቲ እየው። የኔ የመጨረሻው ልጅ እራት እምቢ የሚለው በዚያ ነበር።