ጠቃሚ ፈንገስ ለበርበሬ ይሠራል፣ ለጎመን አይሠራም
ወንድሜ፣ ቡሬ ላይ ለምትተክለው በርበሬና ጎመን ጠቃሚ ፈንገስና የኮምፖስት ውሃ (ኮምፖስት የተነከረበት ውሃ) ያዋጣል ወይ ብለሃል። ለበርበሬው አዎ። ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ቀጫጭን ክሩን ወደ አፈሩ ይዘረጋና ሥሩ ራሱ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ያመጣለታል፤ ተክሉም በስኳር ይቀልበዋል። ጎመን ግን ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጅም፣ ብርህን አታባክን። የበርበሬውን ችግኝ ስታዛውር ፈንገሱን ሥሩ ላይ ነስንሰው፤ ሥር ካልነካ ከንቱ ነው። ፎስፈረስ ያለበትን ዳፕ ማዳበሪያም አታብዛ፣ ፎስፈረስ ከተትረፈረፈ ተክሉ ፈንገሱን ችላ ይለዋል።

የኮምፖስቱን ውሃ በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ብቻ አዘጋጀው። የበሰለው ዝናብ እንደነካው አፈር ነው የሚሸተው። ውሃው ከከረፋ ድፋው። ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ላይ በጭራሽ እንዳትረጨው፣ ሥሩ ላይ አፍስሰው። ደግሞ የጎጃም አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ፈንገስ አሲዱን የሚቀንሰውን ኖራ አይተካምና አፈርህን ቀድመህ አስመርምር።