ጥልፉ ቢፈታ ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ። በምሠራቸው ጃኬቶችና ቀሚሶች ላይ የሕዝቤን ባህላዊ ጥልፍ አስገባለሁ፤ መምህሬ ግን «ባህሉን አየሁት፣ አንቺን ግን አላየሁሽም» አሉኝ። ባህሌን ማሳየቴ ማንነቴን ማሳየት አይደለም? የሌላ ሕዝብ ጌጥ ብጠቀምስ ነውር ይሆናል?

መልስ፦ መምህርዎ እውነት አላቸው፤ እንዲያውም ባህሉንም ያዩት በከፊል ይመስለኛል። ጥልፉ ሲፈታ የሚቀረው ማንም የሚሰፋው ጃኬት ከሆነ፣ ባህሉ ከልብሱ ገጽ አላለፈም ማለት ነው። የጃፓን ባህላዊ ልብስ የሆነው ኪሞኖ የሚሠራው ስፋቱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ጥቅል ጨርቅ በቀጥታ መስመር እየተቆረጠ በመሆኑ፣ ከለባሹ ገላ ጋር የሚስማማው ሲለበስ በሚታጠፍበትና በሚታሰርበት መንገድ ነው፤ በጨርቁ ላይ ያለው የአበባ ጌጥ ቢቀር እንኳ ይህ አሠራር ይታወቃል። ጃፓናዊው ዲዛይነር ኢሴይ ሚያኬም በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረባቸውን ሽንሽን ልብሶች ሲሠራ የአገሩን ጌጥ አልለጠፈባቸውም፤ ልብሱ ከሚፈለገው መጠን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ተልቆ ከተሰፋ በኋላ በወረቀት መካከል ሆኖ በሙቀት ይሸነሸናል፣ በገላና በጨርቅ መካከል የሚቀረው ክፍተት ግን ከኪሞኖ ጋር ያዛምደዋል።

የግልዎ የሚሆነው ከባህሉ መርጠው የሚይዙትና የሚሞግቱት ነው። ፈረንሳዊው ዲዛይነር ኢቭ ሳን ሎራን በ1966 እ.ኤ.አ. የወንዶችን የምሽት ሙሉ ልብስ ለሴቶች ሲያቀርብ ከራሱ ማኅበረሰብ ልማድ ጋር እየተከራከረ ነበር። ስለዚህ ቀጣዩን ሥራ ያለ አንዳች ጥልፍ በነጭ አቡጀዲ ይሞክሩት፤ የአያቶችዎን ልብስ ስፌቱን ተከትለው ይለኩ፣ ክንድ ሲነሣ የት እንደሚላላ ያስተውሉ፣ እርስዎን የማይመችዎትን ክፍል ይለውጡ። (ጥልፉ የትም አይሄድም፤ በኋላ ይመለሱበታል።)

ስለ ሌላ ሕዝብ ጌጥ፦ መዋዋስ በራሱ ነውር አይደለም። ዛሬ የምዕራብ አፍሪካ መለያ የሆነው የሰም ኅትመት ጨርቅ የኔዘርላንድ ፋብሪካዎች ባቲክ የተባለውን፣ በሰም እየተሸፈነ የሚቀለመውን የኢንዶኔዥያዋን የጃቫ ደሴት ጨርቅ አስመስለው የሠሩት ነበር። ይሁን እንጂ የፈረንሳዊቷ ዲዛይነር የኢዛቤል ማራን ሸሚዝ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮው የትላዊቶልቴፔክ ማኅበረሰብ ሸሚዝ ጋር በመመሳሰሉ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ የቅጂ መብት ሕግ በአብዛኛው የሚታወቅ ደራሲ ስለሚፈልግ፣ የጋራ የሆነ ጥንታዊ ጌጥ ጠባቂ ያጣል። ምንጩን በስም መጥራት ትንሹ ግዴታ ነው፤ ከባለሙያዎቹ ጋር ተዋውሎ ትርፉን መካፈል ይበልጣል፤ ጌጡ ለአምልኮ ወይም ለሐዘን የተለየ ከሆነ ደግሞ ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ ይተዉት።