ፒያኖና ኪቦርድ ለምትጫወቱ የጅማ ልጆች

ልምምድ ካለቀ በኋላ ቀርባችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ጃዝ ለመጫወት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?» ትላላችሁ። እዚያው ቆሜ የምመልሰው መልስ እኔንም አያጠግበኝም። እስቲ ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፍላችሁ።

መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ኖታውንም የጣት አጣጣሉንም በሥርዓቱ መማር ትልቅ ዕድል ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ትምህርት ፍለጋ ግን ብሪታንያ፣ ከዚያም ቦስተን ድረስ ሄደዋል። የጃዙን ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች፣ ተምረው ሲመጡ የዜማዎቻችን መሠረት የሆኑትን ቅኝቶቻችንን አልጣሉም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝ ጋር አዋሃዷቸው። እናንተም ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር ይኑራችሁ። እሱ ደግሞ እዚህም ይገኛል።

ቤት ውስጥ ፒያኖ የለንም ትላላችሁ። አውቃለሁ። እኔን ያሳደገኝ የቀበሌ ኪነት ቡድን ነው፤ መሣሪያው የሁሉም ስለነበር ተራ ጠብቀን ነው የተማርነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዱ በኖሩባቸው ዓመታት ኪቦርዳቸውን መኪናቸው ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። ተራችሁ እስኪደርስ ደግሞ ቅኝቱን ዝፈኑት። ድምፄ አያምርም ብላችሁ አትተዉት። በአፋችሁ ልታወጡት ያልቻላችሁትን ድምፅ ጣታችሁ በእርግጠኝነት አያገኘውም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፤ ማጀብ ላይ። አብዛኞቻችሁ ኮርድ የምትማሩት ከዩቲዩብ ነው። ጥሩ ነው፣ ተማሩ። ነገር ግን እዚያ የሚያስተምራችሁ ሰው አንቺሆዬን ላያውቅ ይችላል። ከዶ ተነሱና ተጫወቱት፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ነው። በግራ እጃችሁ ደግሞ የለመዳችሁትን የዶ ኮርድ፣ ዶ ሚ ሶልን ያዙበት። ሚ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ሶልም የለም። ከሦስቱ የሚገጥመው ዶ ብቻ ነው። ዘፋኟ ሶል ፍላት ላይ ስታርፍ እናንተ ከሥር ሶልን ይዛችሁ ብትጠብቋት ዜማው ይበላሻል። ሰው ደግሞ የሳተችው እሷ ትመስለዋለች። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ያጠፋው የእናንተ ግራ እጅ ሆኖ ሳለ ሕዝብ ፊት ቆማ የምታፍረው እሷ ናት።

ስለዚህ መጀመሪያ መተውን ተማሩ። አምባሰል ላይ ሚን ተዉና ዶ፣ ፋ፣ ሶልን ያዙ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ በሚሄደው ትዝታ ላይ ፋና ሲን ለጊዜው አትንኳቸው። አንቺሆዬ ላይ ዶን ከታች ያዙ፣ ከላይ ፋና ላን ጨምሩ፤ ለጅምር ይበቃል። ጆሯችሁ ሲጠነክር ጃዙ ራሱ ከቅኝቱ ውጪ ያሉትን ድምፆች ያስመኛችኋል። ያኔ አውቃችሁ ታስገቧቸዋላችሁ፤ አምሮባቸውም ይገባሉ። ሳያውቁ መርገጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ከማሲንቆ ጋር ስትጫወቱ ደግሞ ከዚህም በላይ ተጠንቀቁ። ማሲንቆ መቺው ጣቱን አንሸራቶ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለ ድምፅ ያወጣል። እናንተ እዚያ ቦታ ቁልፍ የላችሁም። እጃችሁን አንሱለት።

ባንድ መምራትም ለእኔ ከዚሁ አይለይም። ዱክ ኤሊንግተን ፒያኒስትም ባንድ መሪም ነበር። በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል። ሙዚቃ ሲጽፍ ባንዱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እያሰበ ነበር፤ ይሄኛው ምን ላይ ያምርበታል፣ ያኛው ትንፋሹ የት ድረስ ይሄድለታል እያለ። ሃሪ ካርኒ የሚባለው ሳክስፎን ተጫዋቹ ከ45 ዓመት በላይ አብሮት ቆይቷል። ሰው እንዲህ የሚቆየው ቦታ ሲሰጠው ይመስለኛል። የእናንተ ሳክስፎን ተጫዋች ገና ጀማሪ ከሆነ ዘፈኑን እሱ ከሚመቸው ድምፅ አስነሱት። እናንተ ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ትንሽ ብትቸገሩ ምንም አይደለም። ሠርግ ላይ የኦሮምኛ ዘፈን ሲጠየቅም ቋንቋውን የማይችል ካለ፣ ግጥሙ ምን እንደሚል የሚችለው ያስረዳው። ቃሉን ሳይረዱ ማጀብ ከባድ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ኪቦርዱን አጥፍታችሁ የባንዱን ልጆች አለማምዷቸው። ዝግጅት መሀል መብራት ሲሄድ ዝም የሚለው የእናንተ መሣሪያ ነው። ድራሙና ሳክስፎኑ ግን አሉ። ያለ እናንተ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይዘውት መዝለቅ አለባቸው።

ስለ ገንዘብም ልንገራችሁ፣ ብዙ ጥሩ ባንድ የፈረሰው በእሱ ነው። ቀብድ ስትቀበሉ ስንት እንደሆነ ለሁሉም ንገሩ። ቀሪውን እዚያው ማታውኑ አካፍሉ፤ «ነገ እንገናኝና» አትበሉ። ድምፅ ማጉያውን የሚሸከመውን ልጅ ከሒሳቡ አትርሱት። ዘፋኟ አምሽታ ወደ ቤቷ የምትመለስበትን ባጃጅ ደግሞ ከድርሻዋ ሳትቀንሱ ከባንዱ ክፈሉ።