የማታውቁትን ቃል እለፉት፣ የምታውቁትን ተጠራጠሩ

ልጆቼ፣ እኔ የእንግሊዝኛ መምህር አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ደሴ በጥብቅና ነው። አሁን ቢሮዬን ዘግቼ ቤቴ ተቀምጫለሁ። መዝገብ ማገላበጡን ትቼ ልብ ወለድ አገላብጣለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ አንዲት የጎረቤት ልጅ ደብተር ይዛብኝ ስለመጣች ነው።

ልጅቷ ዘንድሮ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ዲክንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ካላነበብኩ ብላ ተነስታለች። ለተማሪ አሳጥረው ያቀለሉትን ትታ ዋናውን። ጎበዝ ናት። ችግሩ፣ «መጀመሪያ ከባድ ከባዶቹን ቃላት ልጨርስ» ብላ 3,000 ቃል የታጨቀበት ፒዲኤፍ ስልኳ ላይ ጫነች። በቀን ሃያ ሃያ ትሸመድዳለች። ሁለት ወር አልፏታል። መጽሐፉን ገና አልገለጠችውም። ደብተሯ ግን ያምራል፤ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ፍቺው፣ መሃሉን በቀይ እስክሪብቶ አስምራዋለች።

«ታስታውሻቸዋለሽ?» አልኳት።

«የትናንቶቹን አዎ፣ ጋሼ። ያለፈው ሳምንቶቹን እንጃ።»

የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። እኔም በናንተ ዕድሜ ከባድ ቃል አሳዳጅ ነበርኩ። ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን ስለ አንድ ደንበኛዬ ለአንድ የውጭ ድርጅት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰውዬው ድሃ ነው፣ ካሳው ቶሎ ይከፈለው ለማለት ነው። «ፑር» ብሎ መጻፍ አነሰብኝ። ከሸመደድኳቸው መሃል «ፔኑሪየስ» የምትለዋን መዘዝኩ። ድሃ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ቋጣሪ፣ ገብጋባ ማለትም እንደሆነ ግን አላየሁም። ኃላፊው ስልክ ደወለና «ደንበኛህ ገብጋባ ቢሆን እኛን ምን አገባን?» አለኝ። ደንበኛዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለኛል። ምን ልበለው!

ቃሉን ብቻውን ሸምድጄው ነበር። ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «ዝርዝሩን ዝጊና መጽሐፉን ክፈቺ» አልኳት። አልመሰላትም፤ ከፈተች። መጀመሪያው ምዕራፍ መቃብር ቦታ ነው፣ አካባቢው ረግረግ ነው፣ ይበርዳል። ፒፕ የሚባለውን ወላጅ አልባ ልጅ ከእስር ያመለጠ ሰው ድንገት ብቅ ብሎ አገጩን ይይዘዋል፣ ሞረድና ምግብ አምጣልኝ ይለዋል። ታሪኩ ያዛት። ስንት ቃል እየዘለለች እንደምታነብ እንኳ ልብ አላለችም። ሦስተኛው ምዕራፍ ገና ሲጀምር ግን አንድ ቃል ገታት፤ «ራይሚ»። እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ከተፈታው መዝገበ ቃላት ፈለገች። «በራይም የተሸፈነ» ይላል። «ራይም»ን ፈለገች። «ሆርፍሮስት» ይላል። «ሆርፍሮስት»ን ልትፈልግ ስትል አስቆምኳት።

«አያትሽ ቦሩ ሜዳ አይደሉም? በታኅሣሥ ጧት ሳሩ ላይ የሚነጣውን ምን ይሉታል?»

«አመዳይ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያን ቃል በደብተር መጻፍ አላስፈለጋትም። አያቷ ጓሮ ያለ ነገር ነው። በዚያው ምዕራፍ ፒፕ የሰረቀውን ምግብ ይዞ ጉም ውስጥ ይሮጣል። እሱ ወደ ነገሮቹ ሳይሆን ነገሮቹ ወደሱ እየሮጡ የሚመጡበት ይመስለዋል። ክረምት ላይ ጦሳ ጉሙን ሲለቀው በፒያሳ የሄደ የደሴ ልጅ ይህን ለመረዳት ምን መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል? «በእንግሊዝኛ ብቻ አስቡ፣ አማርኛ አታስገቡ» የሚሏችሁ አሉ። በዚህ አልስማማም። አማርኛ የሚያውቀውን ነገር በአማርኛ ያዙት። የአምሳሉ አክሊሉን የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ ማውረድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ፒፕን የሚያሳድገው አንጥረኛው ጆ ቤት ስትደርሱም እንደዚሁ ነው። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፤ ሁሉም የአማርኛ ስም አለው። እዚህ ጋ ግን ቆም በሉ። ዕቃው አንድ ነው፣ ክብሩ አንድ አይደለም። የኛ አገር ሰው ቀጥቃጭን ሲያንቋሽሽ፣ ቡዳ ሲል ኖሯል። ጆ ግን በመንደሩ የተከበረ ባለሙያ ነው። «ቀጥቃጭ» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ያላደረገውን ታሸክሙታላችሁ።

«ቃሉን ሳላውቅ እንዴት ላንብብ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ መነሻ ያስፈልጋል። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ልብ ወለድን ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል ብሏል። የቃል ቤተሰብ ማለት ሠራ፣ ሠራተኛ፣ አሠሪ የሚሉትን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የተነሳው አንባቢው ከመቶው ቃል 98ቱን ያውቃል ብሎ ነው። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ «ያለ ረዳት» የሚለውን አስምሩበት። እናንተ ስልክ አላችሁ፣ አማርኛ አላችሁ፣ ታሪኩ ራሱ ይረዳችኋል። ገጹን ሁሉ እየፈለጋችሁ ከሆነ ግን መጽሐፉ ገና ነው። ያጠረውን አንብቡና ተመለሱበት። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት ያጠረውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የወሎ ልጆች ስለሆናችሁ። እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሦስት ቃል የሚይዝበት ጊዜ አለ። «ኪንግሊ»፣ «ሮያል»፣ «ሪጋል»፤ ሦስቱም ንጉሣዊ ናቸው። አንደኛው ከጥንቱ የአገሬው ቋንቋ፣ ሁለተኛው ከፈረንሳይኛ፣ ሦስተኛው ከላቲን ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ምድር፣ ከኖርማንዲ የመጡት እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸው ቤተ መንግሥት ገባ። ላቲን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ ነበር። ይህ ለናንተ ምን ይገርማል? ልመና፣ ጸሎት፣ ዱዓ ስትሉ አድጋችኋል። መነሳትና ትንሣኤ ሥራቸው አንድ እንደሆነ፣ ግን ከአልጋው የተነሳን ሰው «ትንሣኤ አደረገ» ብትሉት እንደሚሳቅባችሁ ማንም አላስጠናችሁም። እንግሊዝኛውንም በዚሁ ጆሮ ስሙት። ረጅሙና የከበደው ቃል ብዙ ጊዜ ላቲን ነው፣ ወይ ዲክንስ እያሾፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማላውቀው ቃል አታሎኝ አያውቅም። አላውቀውም፤ ወይ እፈልገዋለሁ ወይ አልፈዋለሁ። ጉድ የሠራኝ የማውቀው ቃል ነው።

የመጽሐፉን ርዕስ እዩት። «ኤክስፔክቴሽን» መጠበቅ፣ ተስፋ ማድረግ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም «ታላቅ ተስፋ» ብዬ ተርጉሜ ስለ ተስፋ የሚሰብክ መጽሐፍ መስሎኝ ግማሽ ድረስ ሄድኩ። በዲክንስ ዘመን ግን ቃሉ ሌላም ትርጉም ነበረው፤ ሰው ወደፊት እጄ ይገባል ብሎ የሚጠብቀው ሀብት፣ በተለይ ውርስ። ጠበቃው ጃገርስ 18ኛው ምዕራፍ ላይ መጥቶ ፒፕ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» አለው ሲል፣ ስለ ወረቀትና ስለ ገንዘብ ነው የሚያወራው። ስንት ዓመት የውርስ ክርክር ስከራከር የኖርኩ ሰው ይህን አለማየቴ! እዚያው ላይ ልጁ «ሃንድሰም» የሆነ ሀብት እንደሚያገኝ ይነግራል። ሀብት ቆንጆ ይሆናል እንዴ? ዳጎስ ያለ ማለቱ ነው።

«ኮመን»ም አለች። የተለመደ፣ የጋራ ብለን እናውቃታለን። ኢስቴላ የምትባለው የሀብታም ቤት ልጅ ፒፕን ስትንቀው ግን ተራ፣ ያልሠለጠነ፣ የድሃ ልጅ ማለቷ ነው። ካርታ ሲጫወቱ «ኔቭ» የሚባለውን ካርታ ልጁ «ጃክ» ብሎ ስለጠራው ትስቅበታለች። በአንዲት ቃል። ልጁ እቤቱ እስኪደርስ ስለ እጁ ሻካራነት፣ ስለ ጫማው ውፍረት፣ ጃክ ስለማለቱ እያሰበ ይብሰለሰላል። ከዚያ በኋላ ያሳደገው ጆ ራሱ ሊያሳፍረው ይጀምራል። እንግሊዝኛ ሲናገር ተስቆበት የማያውቅ ካለ ይህን ገጽ ይለፈው። እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን አጥፌ መስኮት መስኮት ሳይ ቆይቻለሁ።

ስለዚህ እርሳስ ያዙ። የማታውቁት ቃል ሲመጣ ነጥብ አድርጉና እለፉ። ሦስተኛ ጊዜ ከተገናኛችሁ ፍቺውን ፈልጉ፣ ስትጽፉት ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉት። የምታውቁት ቃል የማይሆን ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ካገኛችሁት ግን ወዲያው አቁሙ፤ እዚያ ላይ ስንፍና አያዋጣም። መጽሐፉን ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ደግሞ አትሩጡ። ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861 እ.ኤ.አ. በየሳምንቱ መጽሔት ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች 59ኙን ምዕራፍ ለመጨረስ 36 ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። እንግሊዞቹ ራሳቸው! በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ካነበባችሁ ትቀድሟቸዋላችሁ። አብሽሩ።

ልጅቷ አሁን 27ኛው ምዕራፍ ላይ ናት። ጆ ለንደን ድረስ ፒፕን ሊጠይቅ የሚመጣበትና ባርኔጣውን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ የሚገባው ምዕራፍ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ መጥታ «ጋሼ፣ ጆ የሚላት ‹ላርክስ› ምንድናት?» አለችኝ። ፒፕንና ጆን የምታስተሳስር ቃል ናት። መዝገበ ቃላቱ የወፍ ስም ይላል፣ ወረድ ብሎ ቀልድ፣ ጨዋታ ይላል። ጨዋታ አልኳት፤ አልሆነም። ፌሽታ አልኳት፤ በዛ። እናቷ ሁለተኛውን እየቀዱ «ደስታ በሉት» አሉን። እሱም አልሞላልንም። እስከ ሦስተኛው ተከራከርን፣ አላገኘናትም። የምታገኟት ካላችሁ ላኩልኝ።