ሩጫውና ገንዘቡ፦ ለሰፈር በጎ አድራጎት ስለመሮጥ ጥያቄና መልስ

አምና አምስት ሆነን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሮጠናል። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እየተቀባበልን፣ እያንዳንዳችን በቀን 11 ኪሎ ሜትር እየሮጥን፣ በአምስት ቀን ጨረስነው። የሮጥነው በሰፈራችን ላለ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እኛም እንሞክረው» የሚል ሰው ስለበዛ ጥያቄያችሁን አምጡ ብያለሁ። የምችለውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ሮጬ አላውቅም፣ ዕድሜዬም 41 ነው። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። ከዚያ በሳምንት አራት ቀን፣ አንድ ደቂቃ ሮጠው ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ ግማሽ ሰዓት ይንቀሳቀሱ። እየሮጡ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር ማውራት ካቃተዎ ፈጥነዋል ማለት ነው፤ ይቀንሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ትንፋሽ ቢያጥርዎ አይደንግጡ። ለመጀመሪያ ግብ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ጥሩ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ነው፣ ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅቶችም ገንዘብ ያሰባስባል።

ሰው መስጠት ከፈለገ በቀጥታ ይስጥ። መሮጡ ለምን አስፈለገ?

ይህን እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ቴሪ ፎክስ የሚባል ካናዳዊ ወጣት ነበር፤ ቀኝ እግሩ በአጥንት ካንሰር ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር፣ በቀን አንድ ማራቶን ያህል እየሮጠ አገሩን ሊያቋርጥ ተነሣ። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሕመሙ ሳንባው ላይ ስለተዛመተ ቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ። ሲጀምር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሲያቆም አገሩ ሁሉ ስለ ካንሰር ምርምር ይነጋገር ነበር። በስሙ የሚካሄደው ሩጫ እስከ ዛሬ ገንዘብ ያመጣል።

ወደ እኛ ስመለስ፣ በዚያ መጦሪያ በር ዘጠኝ ዓመት አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። ልምምድ ስንጀምር ዳቦ ቤቱም፣ የታክሲ ተራ አስከባሪውም፣ ጎረቤቱም «ምን ሆናችሁ ነው በሌሊት የምትሮጡት?» ይለናል። በየቀኑ መልስ መስጠት ነበረብን። ስለ እነዚያ እናቶችና አባቶች በሰፈሩ መወራት የጀመረው ያኔ ነው። ሰው እግሩ ሲዝል እያዩት የሚጠይቀውን ነገር ሰዎች ከልባቸው ይሰሙታል።

አሥር ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ለማራቶን ስንት ጊዜ ያስፈልገኛል? (ከሐዋሳ)

ከ16 እስከ 20 ሳምንት። ሙሉ ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚሠራው በሳምንቱ መጨረሻ ረጅም ሩጫ ነው። ከ12 ጀምረሽ ቀስ እያልሽ እስከ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ታደርሽዋለሽ። በየአራተኛው ሳምንት ቀንሺ፣ ሰውነት የሚገነባው ሲያርፍ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታትም እየቀነስሽ ሂጂ። ብዙ ሰው 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚወድቀው ጡንቻው ያከማቸው ስኳር ስለሚያልቅ ነው፤ ስለዚህ ሳይርብሽ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሙዝ ወይም ቴምር ቅመሺ። ደግሞ አስፋልት ብቻ አትሩጪ። የእኛ ሰዎች ሰንዳፋና ሱሉልታ ድረስ የሚሄዱት አፈሩ ለቅልጥም ስለሚራራ ጭምር ነው።

በዐቢይ ጾም ልምምድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ቀላሉን ሩጫ ከምግብ በፊት ባለው ሰዓት ሮጦ ወዲያው ይብላ። ረጅሙን ቅዳሜ ወይም እሑድ ያድርገው፣ ጠዋት መቅመስ ስለሚቻል። በሶ፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ምስር፣ አጃ በቂ ጉልበት ይሰጣሉ። በረመዳን የሚጾሙ ጓደኞቻችን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ይሮጣሉ። የሚያዞር ስሜት ከመጣ ግን ሩጫው ይቁም።

ውሃ በብዛት መጠጣት አለብኝ አይደል?

ሲጠማህ ጠጣ። ለሰዓታት እያላብህ ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝተህ ከጠጣህ በደምህ ያለው ጨው ይቀንሳል፤ ይህ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ሲብስም ሕይወት ያሳጣል። ከሁለት ሰዓት በላይ የምትሮጥ ከሆነ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ያዝ። ካጣህ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ፤ ጨዉን አታብዛ።

ጫማስ?

ዋጋው ሳይሆን ልኩ። ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ይቀየር። በውድድር ቀን አዲስ ጫማ አይደረግም።

ገንዘቡን እንዴት እንሰብስብ? በግል ቴሌብር ቁጥር ብንቀበልስ?

እባካችሁ አታድርጉት። ከሁሉም ጥያቄ ይህ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከአምናው በፊት፣ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡን በእጅ ተቀብለን በደብተር ጻፍን። ስንደምር ከደብተሩ 2,300 ብር ጎደለ። የወሰደ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ሰው አንድን ስጦታ ሁለቴ መዝግበን ሊሆን ይችላል። ከኪሳችን ሞላነው። ግን ያን ማታ እርስ በርስ የተያየንበትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ስጦታ የሚገባው በቀጥታ መጦሪያው በስሙ ወዳለው የባንክ ሂሳብ ነው። እኛ እጃችን አይገባም። የምንረዳው ድርጅት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን አስቀድመን እናያለን፤ ደረሰኝም እሱ ይቆርጣል። ራሳችሁ ተሰባስባችሁ ከሕዝብ ገንዘብ ልትለምኑ ካሰባችሁ ግን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳትጀምሩ ጠይቁ። ለነዳጅ፣ ለውሃና ለአልጋ የወጣው ከራሳችን ኪስ ነው፤ ይህንንም ከመነሻው ለሰጪዎች ነግረናል።

የተማርነው ከእድር ነው። የእድራችን ጸሐፊ በየወሩ ገቢና ወጪውን በሰው ፊት ያነባሉ፤ አንድ ብር ሳይቀር። እኛም ዕለት ዕለት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድንና ስንት ብር እንደገባ አብረን እናሳውቅ ነበር። አንዳንዱ በኪሎ ሜትር ቃል ይገባል፤ በኪሎ ሜትር 10 ብር ያለ ሰው ለ275ቱ 2,750 ብር ይሰጣል። ይህ አሰጣጥ ሰዉን እስከ መጨረሻው አብሮን እንዲቆጥር ያደርገዋል።

እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። በጎፈንድሚ ልሰብስብላችሁ?

ጎፈንድሚ፣ ይህ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ገጽ፣ ኢትዮጵያ ወዳለ የባንክ ሂሳብ ገንዘብ አይልክም። እዚያው ያለ ሰው ተቀብሎ መላክ አለበት። ስለዚህ ተቀባዩ ማን እንደሆነና በምን መንገድ እንደሚልክ ገጹ ላይ በግልጽ ጻፍልን፣ የላክበትንም ደረሰኝ አሳይ።

ቃል አስገብቼ ሳልጨርስ ብቀርስ?

ይህ ስጋት ብዙ ሰው ይይዛል። እኛ በአራተኛው ቀን ባቱ ከተማን (ዝዋይን) እንዳለፍን የአንዱ ጓደኛችን ጉልበት አበጠ። ሊቀጥል ለመነን፤ እምቢ አልን። የእሱን 11 ኪሎ ሜትር ለአራት ተካፍለን፣ እሱ መኪና ውስጥ ሆኖ ሂሳቡን ይጽፍ ነበር። ማታውኑ ለሰጪዎች የሆነውን ነገርናቸው። ገንዘቤን መልሱ ያለ አንድም ሰው የለም፤ እንዲያውም ስሙን ጠርተው የጨመሩ አሉ። ደብቀን ብንገኝ ኖሮ ነበር የሚከፋው።

መንገዱ አያስፈራም?

ያስፈራል። በሞጆ በኩል የሚያልፈው ከባድ መኪና ብዙ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት እንጨርስ ነበር። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰን፣ መኪናው ከፊታችን በሚመጣበት በኩል፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብለን፤ አጃቢ መኪናም መብራቱን እያበራ ከኋላ። ጆሮ ማዳመጫ በፍጹም።

ገንዘቡ ምን ሠራ?

36 ፍራሽ፣ ሦስት ተሽከርካሪ ወንበር፣ የክረምቱ የአዋቂ ዳይፐር። ፍራሾቹን ያወረድን ዕለት አንዲት እናት እግሬን ይዘው «በዚህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን በእጃቸው ሲያሹልኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ቀጣዩ መቼ ነው?

ከጥምቀት በኋላ፣ በዚያው መንገድ። ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃው ጋ ነው። ውሃ ይዛችሁ ኑ።